ፕላግ ሲገለበጥ ንዝረቱ ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ፍሪጃችንን በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኛል። ፕላጉን ገልብጬ ስሰካው ግን ይቀንሳል። ችግሩ ተፈታ ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከቆቦ

መልስ፦ አልተፈታም። ባለ ሁለት ክብ እግር ፕላግ በሁለቱም በኩል ስለሚገባ፣ ሲገለብጡት ፌዝና ኒውትራል ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ወደ ፍሪጁ አካል የሚሾልከው ኤሌክትሪክም መጠኑ ይለወጣል። ዋናው ጥርጣሬ የመሬት ሽቦው (ኧርዝ) አለመኖሩ ወይም አለመሥራቱ ነው። እንደ ራያ ቆላ ባለ ቦታ አፈሩ በበጋ ሲደርቅ የተቀበረው የኧርዝ ዘንግ በደንብ አያስተላልፍም።

እስኪጠገን ድረስ ፍሪጁን ይንቀሉት። ቴስተር ካለዎት በሶኬቱ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሊበራ ይገባል፤ በሁለቱም ከበራ ኒውትራሉ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት። በአዲሱ አሠራር ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ ነው፤ በቆዩ ቤቶች ግን ቀለሙን አይመኑ። ኧርዙን ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ጋር እናገናኝልዎ ካሉዎት አይፍቀዱ፤ ኒውትራሉ ቢበጠስ የፍሪጁ አካል 220 ቮልት ይሸከማል።

ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ኧርዙን በመሣሪያ ይለካ፣ የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ብሬከርም ይግጠምልዎ። ጉድለቱ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።