ድርቅ ሳይመጣ የሚረጭ

የመስኖ ተራ የዘገየበት አትክልት አምራች መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሚረጭ ነገር የለም ወይ?» ብሎ ነው። አለ። ግን ውኃን አይተካም፤ ተክሉ ከጠወለገ በኋላም ብዙ አይፈይድም። ጥቅሙ ቀድሞ ሲረጭ ነው።

ተክል ውኃ ሲያጥረው አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጭና የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ትነቱ ይቀንሳል፤ ምግብ ማዘጋጀቱም አብሮ ይቀንሳል፤ የተረፈው የፀሐይ ኃይል ቅጠሉን ይጎዳል። በጥቂቱ የተረጨ ሳሊሲሊክ አሲድ ተክሉ ይህን ጉዳት የሚከላከልበትን አቅም ያነቃቃል። ዚንክም ለዚሁ ያግዛል፤ ቦሮን አበባው ፍሬ እንዲይዝ ይረዳል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ አፈሩ አልካላይን ስለሆነ ሥሩ ዚንክን በቀላሉ አያገኝም፤ በቅጠል መስጠት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ለቲማቲምና ለቃሪያ፣ በ16 ሊትር የጀርባ መርጫ፦

• ዚንክ ሰልፌት 50 ግራም።
• ቦሪክ አሲድ 15 ግራም። ከበዛ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል።
• ሳሊሲሊክ አሲድ 1 ግራም። በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ስለማይሟሟ አስቀድሞ በትንሽ አልኮል ይሟሟል። 1 ግራም በዓይን አይገመትም፤ በወርቅ ሚዛን ያስመዝኑት።

ሦስቱን አይቀላቅሉ፤ በተለያየ ቀን ይርጩ። መጀመሪያ በአንድ መደብ ሞክረው ከሦስት አራት ቀን በኋላ ቅጠሉ አለመቃጠሉን ይዩ። ማሳው ውኃ በጠጣ ማግስት፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ጓንት አድርገው ይርጩ። አንዱ ዙር ችግኙ ሥር ከያዘ በኋላ፣ ሌላው አበባ ሊያወጣ ሲል ይሁን።

በስንዴ ወይም በጤፍ ማሳ ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ግን ለዚህ አይሁን። ቱፎርዲም ሆርሞን መሰል ነው፤ ታጥቦ የቀረው ቅሪት እንኳ የቲማቲምን ቅጠል ያጣምማል።

ከመርጨት በፊት መደቡን በሣር ወይም በገለባ ይሸፍኑ። ያለችውን ውኃ አዘውትረው በጥቂት በጥቂቱ ይስጡ፤ ማሳው ደርቆ ድንገት ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ለፍሬው በአግባቡ ስለማይደርስ የቲማቲሙ ቂጥ ይጠቁራል። ውኃው ለሁሉም ካልበቃ ያበበው ይቅደም።

አንድ መደብ ሳይረጩ ይተዉና ምርቱን ለየብቻ ይመዝኑ። ልዩነቱ የመድኃኒቱንና የጉልበቱን ወጪ ካልሸፈነ፣ በሚቀጥለው ወቅት ገንዘቡን ለገለባ ያውሉት።