ትንሿ ዝንብ በእንቁላል ውስጥ

በበሰለ ሙዝና በጠጅ ብርሌ ዙሪያ የምታንዣብበውን ትንሽ ዝንብ የማያውቅ የለም። የሳይንስ ሰዎች ድሮሶፊላ ይሏታል። የእንቁላሏ ርዝመት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ግን አንድ ቀን ሳይሞላው ከውስጡ ትል ይወጣና ወዲያው ይሳባል። ይህን አሳሳብ ማን አስተማረው?

መልሱን ለማግኘት ከነርቭ አፈጣጠር መጀመር ይገባል። በጽንሱ ሆድ በኩል ያሉት ሴሎች በመጀመሪያ ነርቭም ቆዳም ለመሆን የሚችሉ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጭፍራ አንዲቱ የነርቭ እናት ለመሆን ስትቀድም፣ ዴልታ የተባለውን ፕሮቲን በላይዋ ታበዛለች። ይህም ፕሮቲን በጎረቤቲቱ ላይ ያለውን ኖች የተባለ ተቀባይ ሲነካ፣ «አንቺ ነርቭ አትሁኚ» እንደማለት ያለ መልእክት እስከ ኒውክሊየሷ ድረስ ይገባል።

ነርቭ ቢበዛ ምን ይጎዳል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ኖች በጠፋበት ጽንስ ቆዳ መሆን የሚገባቸው ሴሎች ነርቭ ስለሚሆኑ፣ ጽንሱ የሚሸፍነው ቆዳ አጥቶ ከእንቁላሉ ሳይወጣ ይሞታል። በ1985 እ.ኤ.አ. ክሪስ ዶ እና ኮሪ ጉድማን በፌንጣ ጽንስ ውስጥ የነርቭ እናቲቱን በሌዘር ጨረር ቢገድሏት፣ ከአጠገቧ ያለችው ተነሥታ ቦታዋን ወረሰች። እኔ ከዚህ ሙከራ የበለጠ የሚያስደንቅ አላገኘሁም፤ ጎረቤቲቱ ነርቭ ሳትሆን የቀረችው ስላልቻለች ሳይሆን ስለተከለከለች ነበርና።

ከዚያ በኋላ ነርቮቹ ክር ይዘረጋሉ። በጽንሱ መካከል የተሰለፉት ሴሎች ስሊት የተባለ ፕሮቲን ያወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ሮቦ የተባለ ተቀባይ ያለው ክር ይህን ሲያገኝ ይሸሻል። ሮቦ ከሌለ ክሮቹ መካከሉን ደጋግመው እየተሻገሩ ይዞራሉ፤ ስሙም መኪና ከሚዞርበት አደባባይ የእንግሊዝኛ ስም የተወሰደ ነው። (በሰውም ሮቦ 3 የተባለው ጂን ሲበላሽ ዓይንን ወደ ጎን ማዞር ይሳናል፤ አከርካሪም ይጣመማል።)

ወደ ትሉ እንመለስ። የመጀመሪያው መንፈራገጥ የጡንቻው ብቻ ነው፤ ነርቭ አያዘውም። እንቁላሉ ከተጣለ በ17 ሰዓት ገደማ ነርቭ ማዘዝ ይጀምራል፤ ትእዛዙ ግን የተዘበራረቀ ነው። ሥርዓት ያለው መሳብ የሚመስል ተከታታይ መኮማተር የሚታየው ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ነርቮቹ እንዳይነጋገሩ ለጥቂት ቢታገዱ፣ የተስተካከለው እንቅስቃሴ እንደሚዘገይ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ትሉ እስከሚፈለፈል ድረስ በጨለማው እንቁላል ውስጥ ሲለማመድ ይቆያል።