የጀልባ ሞተር በቁልፍ አልነሳ ሲል

ጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሳ፣ ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ የሚሄደው ማዕበሉ ወደ ወሰደው ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከባሕር ዳር ወደብ ሳትነሱ፣ ሰው ሳይሳፈር ይሠራ። ቴስተር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ መፍቻና መለዋወጫ ፊውዝ ይበቃችኋል። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ተብሎ የሚፈታው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው የላላ ወይም የዛገ ማያያዣ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቀላሉን እዩ። ከነጂው ጋር የሚታሰረው የደኅንነት ገመድ ቦታው ገብቷል? ማርሹ ዜሮ ላይ ነው? ማርሽ ገብቶ ከሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚከለክል ስዊች አለ። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፒር ተኩት፤ በሽቦ ጠምዝዞ ማለፍ እሳት መጥራት ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪውን ለኩ። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ያረፈ ባትሪ ግን ያታልላልና ሞተሪኖው እየዞረ እንደገና ለኩ። ከ9.6 በታች ከወረደ ሞልታችሁ ሞክሩት፤ ያኔም ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብቻ ካለ ግን ባትሪውን ተዉትና ወደ ገመዶቹ እለፉ።

ሦስተኛው ደረጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የካንዴላ ገመዶቹን ነቅላችሁ ከማሳ ጋር አገናኙ፤ እንዲሁ ተንጠልጥለው ከዞረ የማቀጣጠያ ሳጥኑ ሊበላሽ ይችላል። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ገመዱ በሚታሰርበት ብሎን ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙር። ቁጥሩ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከግማሽ ቮልት ካለፈ መንገድ ላይ ኃይሉን የሚበላ ነገር አለ። ጥቁሩን ጫፍ ወደ ባትሪው እያቀረባችሁ፣ በየማያያዣው ላይ ለኩ፤ ቁጥሩ በድንገት የቀነሰበት ቦታ ላይ በሽታው ተገኘ። በኔጋቲቩም በኩል፣ ከባትሪው እስከ ሞተሩ ብሎክ፣ እንዲሁ አድርጉ። በኦም መለካት ይህን አያገኘውም፤ ከውስጡ ጥቂት ክር ብቻ የቀረለት ገመድ በኦም ደህና መስሎ ይታያል፣ የሞተሪኖን ከባድ አምፒር ግን መሸከም አይችልም።

ስታጸዱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ስትመልሱም መጨረሻ ላይ እሰሩት። ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉ፣ በመፍቻ አጥብቁ፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀቡ። በእጅ የሚጠብቀውን ባለ ክንፍ ዳዶ ንዝረት ያላላዋልና በተራ ዳዶ ቀይሩት።

አራተኛ፣ ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ካለ ብልጭታውን ፈትሹ። ቤንዚን ካለበት ራቁ፤ ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዛችሁ ብረቱን ብሎክ ላይ አስነኩና አዙሩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ብልጭታቸውን ራሳቸው ከቮላኖው ስለሚያመነጩ በባትሪው አታሳብቡ። ከአንዱ ካንዴላ ብቻ ከጠፋ ቦቢናውን ወይም ካንዴላውን ጠርጥሩ። ከሁሉም ከጠፋ የማጥፊያውን ሽቦ ከማቀጣጠያ ሳጥኑ ንቀሉ፤ በእነዚህ ሞተሮች ማጥፊያው የሚሠራው ሽቦውን ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ ቁልፉ፣ ማጥፊያው ወይም ሽቦው ላይ ነው። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋም፤ አየሩን በቾክ ዝጉበት።

አምስተኛ፣ ሞተሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ12 ፈቅ ካላለ ሬክቲፋየሩን ወይም ስታተሩን መርምሩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አትንቀሉ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩንም አታቀያይሩ፤ ሁለቱም ሬክቲፋየር ያቃጥላሉ።

ሐይቁ መሐል ባትሪው ከከዳ፣ በገመድ መነሳት የሚችለውን ሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ ገመዱን ቮላኖው ላይ ጠምጥሙና ሳቡ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ግን በእጃችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ መንገድ ሲነሳ የዜሮ ስዊቹ አይከላከልላችሁም። ከተነሳም በኋላ ልብስና እጅ ከሚዞረው ቮላኖ ይራቁ።