ምዕራፍ ሰባት፦ «ያልሞከርኩት ሕክምና የለም»

በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ደረታቸውን ይዘው ከሚገቡት መካከል ልባቸው ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ልባቸው ይደልቃል፣ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። «ልሞት ነው» የሚሉትም ከአንጀታቸው ነው። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሣሉ፣ የደም ምርመራ ይታዘዝላቸዋል፣ በመጨረሻም «ምንም የለብዎትም፣ ጭንቀት ነው» ተብለው ይሸኛሉ። አንዱ የጨጓራ መድኃኒት፣ አንዱ ቪታሚን፣ አንዱ ጥቂት ፍሬ ዳያዜፓም ይዞ ይወጣል። ብዙ ሳይቆይ ያው ይደገማል፤ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ካርድ፣ ሌላ ኢሲጂ። እንዲህ ሲንከራተት የከረመ ሰው «ያልሞከርኩት ሕክምና የለም» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ አንድ በአንድ ቢታይ ግን አብዛኛው የሞከረው ምርመራ ነው፤ ሕክምናው ገና አልተጀመረም።

ሌላ ሐኪም ፍለጋ ከመነሣትዎ በፊት እስካሁን የተሰጠዎት ነገር በእርግጥ ሕክምና ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ምዕራፉ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ፓኒክ አታክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ስለያዘ ብቻ በሽታ አይባልም። በሽታ የሚሆነው ጥቃቱ ሲደጋገምና ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» በሚል ስጋት ኑሮ ሲጠብ ነው። ማኅበራዊ ጭንቀት ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ መግባትን መፍራት ነው። ስብሰባ ላይ «ተራ በተራ ራሳችንን እናስተዋውቅ» ሲባል ተራው እስኪደርስ በላብ የሚታጠብ ሠራተኛ አለ። እንግዳ ፊት ስትቀዳ እጇ እንዳይንቀጠቀጥባት ረከቦቱን ለእህቷ ለቃ ጓዳ የምትገባ ልጅ አለች። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሁለት ቃል መናገር ስለሚከብደው በየጊዜው ቀርቶ እድሩ የቀጣው አባወራም አለ። እኛ ዘንድ ይህ «ጨዋ ናት»፣ «ዓይን አፋር ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ እንዲያውም ይመሰገናል። ስለዚህ ሰው ወደ ሕክምና የሚመጣው ትምህርቱን ካቋረጠ ወይም ዕድገቱ ከእጁ ካመለጠ በኋላ ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

አካላዊ ምርመራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ፣ ደም ሲያንስ፣ የልብ ምት ሥርዓቱን ሲስት ፓኒክ ሊመስል ይችላል፤ አንድ ጊዜ በደንብ መታየት ተገቢ ነው። ዳገት ሲወጡ የሚጀምር የደረት ሕመም፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ ወይም በአንድ ጎን እጅና እግርን የሚያሰንፍ ነገር ካለ ይህን መጽሐፍ ዘግተው አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ቡናውንና ጫቱንም አይደብቁ። ብዙ ካፌይን ለዚህ ሕመም በተጋለጠ ሰው ላይ ጥቃቱን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ጫትም ልብን የሚያስጋልብ አነቃቂ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት። ይህ ሁሉ ታይቶ ውጤቱ ደህና ከሆነ ግን ተጨማሪ ኢሲጂ አይረዳዎትም። እፎይታው ሁለት ቀን ይቆይና ጥርጣሬው በርትቶ ይመለሳል፤ ይኸው ምልልስ ራሱ የሕመሙ አካል ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ ዶናልድ ክላይን የተባለ ወጣት ሳይካትሪስት ኒውዮርክ በሚገኘው ሂልሳይድ ሆስፒታል የታዘበው ነገር ለፓኒክ ሕክምና መንገድ ከፍቷል። በየቀኑ «ሞትኩ» እያሉ ወደ ነርሶቹ ክፍል የሚሮጡ ታካሚዎች ነበሩ። ክላይን ኢሚፕራሚን የተባለውን በዘመኑ አዲስ የነበረ መድኃኒት ሰጣቸው። ሳምንታት አለፉ፤ ታካሚዎቹ ለውጥ የለም አሉ። ለውጡን ያስተዋሉት ነርሶቹ ናቸው፤ ሩጫው ቆሟል! ጥቃቱ ጠፍቷል፤ ሰዎቹ ግን ብቻቸውን ከቤት መውጣት አሁንም ይፈሩ ነበር። ክላይን ከዚህ ተነሥቶ ጥቃቱና የጥቃቱ ስጋት ለየብቻ የሚታዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳየ። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ሲያስቆም ሁለተኛውን እንዳለ ትቶታል። ዛሬም «መድኃኒት ወስጄ ነበር፣ አልሠራልኝም» ከሚሉት ሰዎች አንዳንዶቹ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ጥቃቱ ቀንሶላቸው ታክሲ መሳፈር ግን አልጀመሩም።

ስጋቱን የሚያክመው ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ የፓኒክን ዑደት በግልጽ አስቀመጠ። ልብ ትንሽ ፈጠን ሲል ሰውየው «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱ ልብን ያስጋልባል፤ የጋለበው ልብ ደግሞ ትርጉሙ ልክ እንደነበር «ያረጋግጥለታል»። ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ስለምንተነፍስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። «ተዝለፍልፌ እወድቃለሁ» የሚለውን ፍርሃት በተመለከተም ሰው ራሱን የሚስተው በብዛት የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ደግሞ ግፊት ከፍ ማለቱ ይበዛል። ለዚህ ነው ፓኒክ ይዞት «ልወድቅ ነው» ያለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሳይወድቅ የሚቀረው።

ታዲያ መቶ ጊዜ ልሞት ነው ብሎ መቶ ጊዜ የተረፈ ሰው ለምን አይማርም? ባለሙያዎች የመጠበቂያ ባህርይ የሚሉት ነገር ስለሚያታልለው ነው። ሚኒባስ ውስጥ በር አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። ቦርሳው ውስጥ የውሃ ኮዳ አለ። መሐል መንገድ ላይ ለባለቤቱ ይደውላል። ሜክሲኮ አደባባይ በደህና ሲወርድ ያዳነው ውሃው፣ በሩና ስልኩ ይመስለዋል። ማኅበራዊ ጭንቀት ያለባትም እንዲሁ ናት፤ የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር በልቧ አሥር ጊዜ ታጠናለች፣ ዓይን አታይም፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ጨብጣ ትይዛለች። ክላርክና አድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳስረዱት ይህች ሰው ጭውውቱን ትታ የምታየው ራሷን ነው፤ «ፊቴ ቀልቷል፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል» እያለች በውስጧ በሣለችው ምስል በራሷ ላይ ትፈርዳለች። ከሕክምናው ክፍል አንዱ ንግግሯን በቪዲዮ ቀርጾ ማሳየት ነው። አብዛኛው ታካሚ በስክሪኑ ላይ የሚያየውን ሰው በአእምሮው ከሣለው እጅግ የተረጋጋ ሆኖ ያገኘዋል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሕክምና ሁሉ ይህችን ዘዴ የምወዳት ክርክር ስለማትፈልግ ነው።

እንዲህ ያለው ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ በአጭሩ ሲቢቲ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ለሦስት ለአራት ወራት ይዘልቃል። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለማኅበራዊ ጭንቀት አስቀድሞ የሚመከረው እሱ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ፤ ሳይኮሎጂስት ጋር ሄዶ ማውራት ሁሉ ሲቢቲ አይደለም። «አይዞሽ፣ አታስቢ፣ በራስሽ ተማመኚ» ብሎ የሚሸኝ ምክር ከጎረቤትም ይገኛል። ልምምድ ያለበት ሕክምና ምቾት አይሰጥም። ባለሙያው እዚያው ክፍሉ ውስጥ በፍጥነት ያስተነፍስዎታል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያዞርዎታል፣ ደረጃ ያስሮጥዎታል፤ የሚፈሩትን ስሜት ሆን ብሎ ቀስቅሶ ምንም እንደማያደርግዎት ያሳይዎታል። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ካለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህን በቅድሚያ ይናገሩ። ከዚያም የቤት ሥራ ይሰጥዎታል፤ ከበሩ ርቆ መቀመጥ፣ ኮዳውን ቤት ትቶ መውጣት፣ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት። ከጥቂት ቀጠሮ በኋላም አንድም እንዲህ ያለ ሥራ ካልተሰጠዎት «ልምምዱን የምንጀምረው መቼ ነው?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

መድኃኒት ላይ ስንመጣ ዛሬ በቅድሚያ የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲንና ኤስሲታሎፕራም ያሉት ናቸው። ፈታኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። መድኃኒቱ ከመሥራቱ በፊት መቁነጥነጥን፣ ማቅለሽለሽን፣ እንቅልፍ ማጣትን ሊያመጣ ይችላል፤ የፓኒክ ታካሚ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይልቅ የሰውነቱን ለውጥ ስለሚከታተል «ይባስ አመጣብኝ» ብሎ በአራተኛው ቀን ይጥለዋል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም በትንሹ የሚጀምረው፤ ለፓኒክ ሰርትራሊን በተለምዶ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 50 ከፍ ይላል። ጥቅሙ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ለማኅበራዊ ጭንቀት እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ከተሻለዎት በኋላም ለወራት ይቀጥላል፤ ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ያለ ሰው መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገር፤ ለቤተሰቡም አይደብቅ።

ዳያዜፓምና ብሮማዜፓም ሌላ ጉዳይ ናቸው። በግማሽ ሰዓት ያረጋጋሉ፤ ችግሩም ያ ነው። በየቀኑ ሲወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ ልምምዱንም ያከሽፋሉ፤ ኪስ ውስጥ ያለች አንዲት ፍሬ እንደ ውሃው ኮዳ ትሆናለች። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ ከሆነ ይህን አንብበው ዛሬ ማታ አያቁሙ፤ በድንገት ማቆም የሚጥል ሕመም እስከ ማስነሣት ይደርሳል። ፕሮፕራኖሎል አንዳንዴ ለመድረክ ፍርሃት ይታዘዛል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ ማኅበራዊ ጭንቀትን ግን አያድንም። አስም ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም።

ይህ ሁሉ እውቀት ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሊተን ይችላል። ሕመሙ ራሱ አፍ ያስይዛል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ይላል፤ ታካሚው እንደ ለመደው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሐኪሙም ያንኑ መድኃኒት ጽፎ ቀጣዩን ተረኛ ያስጠራል። ውጭ ወረፋው ረጅም ነው፤ ይሉኝታውም ከባድ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይግቡ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንደያዘዎት፣ ምን ማድረግ እንደተዉ፣ መድኃኒቱን በምን መጠን ለስንት ሳምንት እንደወሰዱ ይጻፉ። ማንበብ ካቃተዎት ወረቀቱን ይስጡት። «ዶክተር፣ ታክሲ ከተሳፈርኩ ሁለት ወር ሆነኝ» የሚል አንድ መስመር «በጣም እጨነቃለሁ» ከሚል ንግግር በላይ ይሠራል። ማይክል ሊቦዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የማኅበራዊ ጭንቀት መለኪያ 24 ሁኔታዎችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ፍርሃትንና ሽሽትን ከ0 እስከ 3 ያስመዝናል፤ ባለሙያዎን ይጠይቁትና በየጊዜው አብራችሁ ሙሉት። ቁጥሩ ካልወረደ ይሉኝታ የሚያስይዝ ነገር አይኖርም።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ሕመም ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጸበል ይወስዳል። በጸበል ተጽናንቶ የዳነ ሰው ካለ እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ? የምከራከረው መድኃኒቱን አስጥሎ ከሚወስድ ጋር ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ የንስሐ አባትዎን ስለዚህኛውም መድኃኒት ቢጠይቁ ነውር የለውም።

የት እንሂድ? በኢትዮጵያ ሳይካትሪስቶች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ነገር ግን በየሆስፒታሉ የሳይካትሪ ነርሶች፣ በአንዳንድ ጤና ጣቢያም ለአእምሮ ጤና የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ የፓኒክን ሕክምና ለመጀመር እነሱ ይበቃሉ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ብቻ የተመላላሽ ሕክምናውን የሚሸሽ ሰው ራሱን ይጎዳል። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅዎን ወይም የአጎትዎን ልጅ አያስተርጉሙ፣ በዘመድ አፍ ማንም ሁሉን አይናገርም። እንግሊዝ ያለ ሰው ደግሞ ወደ መንግሥታዊው የንግግር ሕክምና ራሱ ማመልከት ይችላል፤ የሐኪም ሪፈር አይጠየቅም።

ሐኪም መቀየር የሚገባበት ጊዜም አለ። መጠኑ በበቂ ተሞክሮ፣ ጊዜው ደርሶ፣ ልምምዱም ተሠርቶ ለውጥ ከሌለ፤ ወይም ባለሙያው ጥያቄዎን በቁጣ ከመለሰ፤ ወይም በየቀጠሮው ዳያዜፓም ብቻ ከጻፈ። ሲቀይሩ ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ካርድዎ ከቀድሞው ቦታ አብሮዎት ስለማይመጣ የመድኃኒቶቹን ባዶ ማሸጊያ፣ የምርመራ ውጤቶቹንና የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀቱን በአንድ ፖስታ ይያዙ። አዲሱ ሐኪም ከሰርትራሊን 50 ቀጥሎ 100 ልጨምር ወይስ መድኃኒቱን ልቀይር የሚለውን የሚወስነው በዚያ ነው። ፖስታው ከሌለ ከ25 ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም እንደገና ይመጣሉ።