ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ስም

 

ወንድሜ፣ እህቴ፣ «መልካም ጁሙዓ» ብለህ ለመቶ ሰው በአንዴ ትልካለህ። ከመቶው ለአንዱ በስሙ ዱዓ አድርገህለት ታውቃለህ?

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን፣ ለወንድምህ እሱ በሌለበት ዱዓ ስታደርግለት መላኢካ አሚን ይላል፤ ያንኑ ለአንተም ይለምንልሃል።

እስቲ ለአንድ ወር ሞክረው፤ በቀን አንድ ሰው፣ አንድ ሐጃ። አሶሳ ውስጥ ስም አያልቅብህም። የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ረመዳን 24 ቀን 1444 (ሚያዝያ 2015 ዓ.ም) ነው፤ ከዚያ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ተሻግረው የመጡ ብዙዎች አሉ። የአንዱን ስም ጠይቅ፤ የት እንደደረሰ የማያውቀው ወንድም ይኖረው ይሆናል። ዐረብኛ አልችልም ብለህ አትተወው (ይሄ ሰበብ ስንቱን አሳነፈ!)፤ ከሶላት ውጪ በበርታኛም በአማርኛም ለምንለት።

ከባዱ የተኳረፍከው ሰው ተራ የሚደርስበት ቀን ነው። እሱን አትዝለለው።

ዱዓውን ለጓደኛህ አካፍለው፣ አሚን ይበልልህ። የሰውየውን ችግር ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፍ፤ አማና ነው።

ዛሬ ከዐስር በኋላ፣ መግሪብ ሳይገባ ጀምር። የመጀመሪያው ስም የማን ነው?