ቴንደን ሊጋመንት እስኪሆን፦ የኋላ ጭን ጅማቶች በጉልበት መስቀለኛ ጅማት ጥገና

በአማርኛ «ጅማት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውንና አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረውን። በሕክምና ቋንቋ የመጀመሪያው ቴንደን፣ ሁለተኛው ሊጋመንት ይባላል። በዕለት ንግግር ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም። የጉልበቱ የፊተኛ መስቀለኛ ሊጋመንት ለተበጠሰበት ታካሚ ግን ዋነኛ ጉዳይ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ከጭኑ ቴንደን ወስዶ በጉልበቱ ውስጥ የሊጋመንትን ሥራ እንዲሠራ ያኖረዋልና። የተተካው ቴንደን ሸክም መቀበል የሚጀምረው ወዲያው ነው፤ ባሕርዩን የሚለውጠው ግን በብዙ ወራት ነው። የዚህ ሕክምና አብዛኛው ችግር የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

መስቀለኛው ሊጋመንት የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይገታል፤ ጉልበቱ ሲዞርም ያረጋጋዋል። ለመተካት በብዛት የሚወሰዱት ሰሚቴንዲኖሰስና ግራሲሊስ የተባሉት ጡንቻዎች ቴንደኖች ናቸው። ሁለቱም ከጉልበት ዝቅ ብሎ በቅልጥም አጥንት ውስጠኛ ጎን ስለሚያርፉ በአንድ አጭር ቅድ ሊወጡ ይችላሉ። (ግራሲሊስ በጥብቅ አነጋገር ከኋላ ጭን ጡንቻዎች ወገን አይደለም፤ ጭንን ወደ ውስጥ ከሚስቡት አንዱ ነው። ልማዱ ግን አንድ ላይ ይጠራቸዋል።)

ኖየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ነጠላው ሰሚቴንዲኖሰስ የመስቀለኛውን ሊጋመንት ጥንካሬ 70 በመቶ፣ ነጠላው ግራሲሊስ 49 በመቶ ያህል ነበረው። ሁለቱ ታጥፈው ባለ አራት ፈትል ሲሆኑ ስሌቱ ይገለበጣል። ሃምነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እኩል የተወጠሩ አራት ፈትሎች ከመበጠሳቸው በፊት ከ4,000 ኒውተን በላይ እንደሚሸከሙ አሳዩ፤ የወጣት ሰው ጤናማ ሊጋመንት የሚሸከመው 2,160 ኒውተን ገደማ ነው። ሆኖም ፈትሎቹ በእጅ ብቻ ሲወጠሩ ይህ ብልጫ በእጅጉ ቀንሷል፤ የላላው ፈትል ሸክሙን ለጠበቀው ይተወዋልና። ውፍረትም እንዲሁ ይወስናል። ተተኪው ከ8 ሚሊ ሜትር ሲያንስ፣ በተለይ ከ20 ዓመት በታች ባሉ ታካሚዎች፣ ዳግመኛ የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

እነዚህ አኃዞች ግን ቴንደኑ በጠረጴዛ ላይ ሳለ የተለኩ ናቸው። በጉልበት ውስጥ ከገባ በኋላ የደም አቅርቦቱ የተቋረጠ ሕብረ ሕዋስ ነው። መጀመሪያ የራሱ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ቀጥሎ አዳዲስ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ይገቡበታል፤ ኮላጅኑም ቀስ በቀስ እንደገና ይደራጃል። በዚህ የመታደስ ወቅት ተተኪው በገባበት ቀን ከነበረው ጥንካሬ በታች ይወርዳል። አጥንት ውስጥ የተቀበረው ጫፍም ጊዜ ይፈልጋል። ሮዴዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በውሾች ላይ ባደረጉት ሙከራ ቴንደኑ ከአጥንቱ ቀዳዳ ተነቅሎ መውጣቱን ያቆመው በ12ኛው ሳምንት ገደማ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚይዘው ብሎኑ ወይም የብረት አዝራሩ ነው። አሳሳቢው ነገር ታካሚው እብጠቱ ጠፍቶ፣ ሕመሙ ቀልሎ «ድኛለሁ» የሚልበት ጊዜ ከዚሁ የድክመት ወቅት ጋር መግጠሙ ነው።

ጅማቱ የተወሰደበት ቦታም ዋጋ ይከፍላል። የኋላ ጭን ጡንቻዎች የቅልጥምን አጥንት ወደ ኋላ የሚስቡ፣ ስለዚህም የመስቀለኛው ሊጋመንት አጋዦች ናቸው፤ ተተኪው የሚወሰደው ከራሱ ረዳት ነው ማለት ነው። በብዙ ታካሚዎች የተቆረጠው ቴንደን እንደ እንሽላሊት ጅራት መልሶ ያድጋል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ቦታው ከፍ ብሎ ይያያዛል፣ ጡንቻውም ያጥራል። ጉልበትን አጥብቆ በኃይል ማጠፍ ላይ የሚቀረው ድክመት ለአጭር ርቀት ሯጭና ለትግል ስፖርተኛ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ቴንደን ሲወሰድ የጉልበት ፊት ሕመም፣ በተለይም ሲንበረከኩ የሚሰማው፣ ይበረክታል። ስግደት የሚያዘወትር ወይም ተንበርክኮ አረም የሚያርም ታካሚ የኋላ ጭን ተተኪ ይበልጥ ይስማማዋል። ስለዚህ ምርጫው የሐኪሙን ልማድ ብቻ ሳይሆን የታካሚውን አኗኗር መከተል አለበት።

እነዚሁ ቴንደኖች የጉልበት ሎሚ ደጋግሞ ሲወልቅ፣ ቁርጭምጭሚት ሲላላና የቆየ የአኪሊስ ቴንደን መበጠስ ሲኖርም ያገለግላሉ፤ የመታደሱ ሂደት በእነዚያም ቢሆን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወደ ስፖርት መመለስን በሚመለከት ግሪንደምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በእያንዳንዱ የዘገየ ወር የዳግም ጉዳት መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አመልክቷል። ቀን መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም፤ የጡንቻ ጥንካሬም መለካት አለበት። ውድ መለኪያ በሌለበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል የአንድ እግር ዝላይ በሜትር ሊለካና ከጤናማው እግር ጋር ሊነጻጸር ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ዘላዩ የጉልበቱን ድክመት በዳሌውና በቁርጭምጭሚቱ ሊሸፍን ይችላል፤ በወራት ዕረፍት ጤናማው እግርም ስለሚደክም ንጽጽሩ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ የጤናማው እግር ልኬት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተወስዶ በታካሚው ካርድ ላይ ቢሰፍር ይመረጣል።