ወጣትነትና ዕድሜ በኢትዮጵያ ሕግ

አካለ መጠን ያላደረሰ ሰው ማን ነው

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ «አካለ መጠን ያላደረሰ» ይለዋል። እንዲህ ያለው ሰው መብት የለውም ማለት ግን አይደለም። ንብረት ሊኖረው፣ ሊወርስ፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ ሊያገኝ ይችላል። የሚጎድለው ችሎታ ነው። በሕግ ቋንቋ ችሎታ ማለት በመብት በራስ ፈቃድና ፊርማ የመሥራት ሥልጣን ነው። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ስለ አኗኗሩና ስለ አስተዳደጉ የሚወስንለት አሳዳሪ፣ በንብረቱና በገንዘቡ ጉዳይ የሚወክለው ደግሞ ሞግዚት ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ኃላፊነት የሚይዙት አባትና እናት ናቸው።

ይህ ገደብ ማንን ለመጥቀም እንደተሠራ የሚታየው ውል ሲያከራክር ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ የወረሰውን ቤት ሞግዚቱ ሳያውቅ በርካሽ ሸጠ እንበል። በችሎታ ማጣት ምክንያት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው የልጁ ወገን ብቻ ነው። ገዢው በኋላ ቢጸጸት «ሻጩ ልጅ ነበር» ብሎ ከውሉ መውጣት አይችልም። የችሎታ ገደቡ የተሠራው ለልጁ ስለሆነ በልጁ ላይ መሣሪያ እንዲሆን አልተፈቀደም።

ሕጉ አንድ ዕድሜ ብቻ ያላስቀመጠው ለምንድን ነው

18 ዓመት ዋናው ድንበር ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ተብሎ በአዋቂዎች ቅጣት ፋንታ እንደ ወቀሳ፣ በክትትል ሥር መማር ወይም ወደ ማረሚያ ተቋም መግባት ያሉ ርምጃዎች ይወሰዱበታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በአዋቂዎች ሕግ ይዳኛል፤ ሆኖም ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በሞት አይቀጣም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በቀድሞው አዋጅ ድንበሩ 14 ዓመት ነበር። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠራ አይደረግም። የትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል ሥራም ተከልክሎለታል። ለመምረጥ 18 ዓመት ይበቃል፤ በዕጩነት ለመወዳደር ግን 21 ዓመት ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ የተለያዩት የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። የወንጀል ሕጉ የሚመዝነው የጥፋትን ትርጉም የመረዳት ኃይልን ነው፤ የሥራ ሕጉ የሚያየው የአካል አቅምንና የትምህርት ጊዜን፣ የውል ሕጉ ደግሞ በብልጣብልጥ ሰው የመታለልን አደጋ ነው። ለዕጩነት 3 ዓመት የሚጨመርበትን ምክንያት ማስረዳት ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ መራጩ ራሱ ወጣቱን አልፈልግም የማለት ሥልጣን በእጁ ነውና።

ጥበቃና መድሎ የሚለያዩት በምንድን ነው

መድሎ ማለት ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ከሰው ማበላለጥ ነው። በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ልዩነት ሁሉ መድሎ አይሆንም። መለያው ልዩነቱ የማንን ጥቅም እንደሚያስከብር መጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት ርምጃ ሲወሰድ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል።

የጋብቻ ዕድሜ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት 15 ዓመት ወስኖ ነበር። ብቻዋን ንብረት ለመሸጥ ያልበቃች ልጅ ትዳር ለመመሥረት በቃች ማለት ነው። ልዩነቱ የተሠራው በዕድሜም በጾታም ሲሆን፣ ከትምህርቷ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። የ1992ቱ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ በከባድ ምክንያት ከ2 ዓመት ያልበለጠ ፈቃድ መስጠት ይችላል። ክልሎች ግን የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ከሕግ ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባውን ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

በወጣትነት ምክንያት ሥራ መከልከል እንዴት ይታያል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ልዩነት የማይደረግባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ዘርን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችንም ይጠራል። ዕድሜ በስም አልተጠቀሰም። ዝርዝሩ ግን «በሌላ አቋም» በሚል ሐረግ ስለሚያበቃ ለክርክር በሩ ክፍት ነው። የደቡብ አፍሪካ የ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ዕድሜን በግልጽ አስፍሯል፤ ተከራካሪውም ዕድሜ የተጠበቀ ምክንያት መሆኑን በማስረዳት ጊዜ አያጠፋም።

ዕድሜን በስም መጥራት ብቻውን ወጣቱን አይጠብቅም። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በሥራ ላይ የዕድሜ መድሎን ቢከለክልም የሚጠብቀው 40 ዓመት የሞላውን ነው። በዚያ አገር በ25 ዓመቱ «ገና ልጅ ነህ» ተብሎ ሥራ የተከለከለ ኢትዮጵያዊ በፌዴራሉ ሕግ መክሰስ አይችልም፤ ከ18 ዓመት ጀምሮ ጥበቃ የሚሰጡት እንደ ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች ናቸው።

ዕድሜ ሳይጠራም ወጣትን ማግለል ይቻላል። ተዘዋዋሪ መድሎ የሚባለው ይህ ነው፤ መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን በአንድ ወገን ላይ ያርፋል። ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ 5 ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ዕድሜ አልጠቀሰም፤ አዲስ ተመራቂን ግን ከደጅ ይመልሳል። ለከባድ መኪና አሽከርካሪ የሚጠየቅ ልምድ ከሥራው አደጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌላ ነገር ነው።

ዕድሜ በምን ይረጋገጣል

እስካሁን የተነሡት መብቶች ሁሉ የልደት ቀን እንደሚታወቅ አድርገው ይነሣሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት መዝገብ) በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነገግም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠበቃል። ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ለተወለዱት ብዙዎች ማስረጃው የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የወላጅ ቃል ነው።

በወንጀል ክስ የዕድሜ ማስረጃ ሲጠፋ ፍርድ ቤት ተከሳሹን ወደ ሐኪም ይልካል፤ ሐኪሙም የአጥንት እድገትን በራጅ (በኤክስሬይ) አይቶ ይገምታል። ውጤቱ ግምት ስለሆነ «ከ17 እስከ 19» ዓይነት መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ትክክለኛው ዕድሜ ከ18 በታች ይሁን በላይ አይለይም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ ዕድሜን በማስረጃ ማረጋገጥ ሲያቅት ጥርጣሬው ለልጁ እንዲተረጎም ይጠይቃል።